ሰባ ሁለት ሰዓት ስንት የሥራ ቀን ነው?

መርሳ፣ ጥር 12 ቀን

ለክቡር የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለቢሮዎ አዲስ መጋረጃ፣ በተለይም ከቀበቶዎ ተለይቶ ለማያውቀው የቁልፍ ዘለላ ሙሉ ጤንነትና ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ግፊቴ እንዳለ ሆኖ ደኅና ነኝ። የእርስዎን ደኅንነት ደግሞ ሳልጠይቅ እሰማለሁ፤ በድምፅ ማጉያዎ በኩል የመርሳ ሕዝብ የማይሰማው ጤና ስለሌለ ማለቴ ነው።

ቢረሱኝ ላስታውስዎ፣ እኔ ዓቢዳ አቡበከር ነኝ፤ በዚህች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ። ካስተማርኋቸው አንዱ እርስዎ መሆንዎን በየስብሰባው ላይ በኩራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አራተኛ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። ማባዛት ይወዱ ነበር፤ ማካፈል ግን ያስለቅስዎ ነበር። በአካል ስንገናኝ አንተ እያልሁ የማወራዎ መሆኔን አልዘነጋሁም። ደብዳቤ ግን አክብሮት ይፈልጋል፣ በተለይ ለሰውየው ከአክብሮት በቀር የሚሰጠው ነገር ሲጠፋ።

በመጀመሪያ በግል ጽፌልዎት ነበር። ክብ ማኅተም ያለበት «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሂደቱ ስድስት ወር ስለሞላው ይህንን ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ጎን አጥሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በኋላ ላይ ቃናዋ ተለወጠ እንዳይሉኝ ደግሞ ከወዲሁ በግልጽ ልንገርዎ፤ ይህን የምጽፈው እየተጸየፍሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ድምፅ ማጉያው አመሰግናለሁ። ታካሚው ተራውን እንዲሰማ ብለው ከካርድ ክፍሉ በላይ ያሰቀሉት ማጉያ አጥሩን አልፎ ሚኒባሶቹ እስከሚቆሙበት ድረስ ይሰማል። በእርስዎ መመሪያ መሠረትም ካርድ አውጪው የታካሚውን ስም ከነአባቱ ጠርቶ የሚገባበትን ክፍል በመናገር ብቻ አይበቃውም፤ የመጣበትን ጉዳይ ያክልበታል። እገሌ ለወባ፣ እገሊት ለነፍሰ ጡር ክትትል፣ እገሌ ለአባላዘር። በግድግዳዎ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። የአባቶቻችን አባባል ሰውን ወደ ሐኪም ለማምጣት ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ግን አሳልፎ ለመስጠት ውሏል።

በዚህም ምክንያት የመርሳ ሴቶች መላ ፈጠሩ፤ መላቸውም እኔ ነበርሁ። የግፊት መድኃኒቴን ለመውሰድ በየወሩ እመላለሳለሁ፤ ከዘራ የያዘችን አሮጊት ደግሞ ለምን መጣች ብሎ ዓይኑን የሚተክልባት የለም። ስለዚህ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያስፈለጋት ሴት ወደ ቤቴ ትመጣለች። ኮንዶም የተቀደደባት፣ የመርፌዋ ቀን ያለፈባት፣ እንክብሏን የረሳች፣ ያለ ፈቃዷ የተደረሰባት፣ ሁሉም ይመጣሉ። ሁሉም ተማሪዎቼ ነበሩና ያምኑኛል። ስንት ሰዓት እንዳለፋት፣ ቀድማ አርግዛ እንዳይሆን፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠይቄ ለነርስ ቤተልሔም እነግራታለሁ። እሷም እንክብሏን በወረቀት ጠቅልላ ትሰጠኝና፣ መዝገቡ የተቀባይ ስም ስለሚፈልግ የእኔን ስም ትጽፋለች። ሕጉ እንዲህ እንደማይል ሁለታችንም እናውቃለን። ሴቶቹን ግን በሰዓታቸው አድርሰናል።

ሁለተኛ፣ በስልሳ አራት ዓመቴ ስላደረጉልኝ ታላቅ ክብር አመሰግናለሁ። ከወረዳው ሪፖርት ሲጠየቁ መዝገቡን ገለጡና አንዲት የስልሳ አራት ዓመት ባልቴት በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ድንገተኛ መከላከያ መውሰዷን አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ሴቶቹ ራሳቸው የማይመጡት ለምን ይሆን ብሎ ያስብ ነበር። እርስዎ ግን ሦስት የሀገር ሽማግሌዎችንና የቀበሌውን የጸጥታ ተጠሪ አስቀምጠው ጠሩኝና ከማን ጋር እንደምውል ጠየቁኝ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ግምት የያዘ ሰው አልገጠመኝም። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ሳቃቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ለሴቶቹ የምወስድ መሆኔን ስነግርዎ ደግሞ የስም ዝርዝራቸውን እንዳቀርብ አዘዙኝ። አላቀረብሁም፤ አላቀርብምም።

ሦስተኛ፣ ስለ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንደሚለው፣ ድንገተኛ መከላከያ የምትፈልግ ሴት ራሷ በአካል፣ ባል ካላት ከባሏ ጋር፣ ባል ከሌላት ከቀበሌ ወረቀት ጋር ትቀርባለች፤ ጥያቄዋንም በየሳምንቱ ሐሙስ የሚሰበሰብ ኮሚቴ መርምሮ ይወስናል። የኮሚቴው አባላት አምስት ናቸው፤ እርስዎ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ የጽዳት አስተባባሪው፣ የጸጥታ ተጠሪውና አንድ የልማት ቡድን መሪ። አምስቱም ወንዶች ናችሁ። በአምስታችሁ መካከል አንድም ማህፀን የለም። እንክብሎቹ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆለፈባቸው፤ ቁልፉም ወገብዎ ላይ ተንጠለጠለ። በከተማዋ ላሉት ሁለት የግል መድኃኒት ቤቶችም ያለ ኮሚቴው ወረቀት እንዳይሸጡ በማኅተም ጻፉላቸው።

ምክንያትዎ ማስወረድን መከላከል እንደሆነ በማስታወቂያው ላይ አስፍረዋል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እርስዎም በሹመት እንጂ በሙያ እዚህ እንዳልደረሱ ከተማው ያውቃል። ሁለታችንም ነርስ ቤተልሔምን መጠየቅ ነበረብን፤ እኔ ጠይቄያታለሁ። ይህች እንክብል የተረገዘ ነገር አታስወርድም። የሴቲቱ እንቁላል እንዳይወጣ ታዘገያለች፤ እርግዝና አስቀድሞ ካለ ግን የምታደርገው ነገር የለም። የምትሠራው በቶሎ ከተወሰደች ነው። በመጀመሪያው ቀን ብርቱ ናት፤ እስከ ሦስት ቀን፣ ማለትም እስከ ሰባ ሁለት ሰዓት ድረስ ትረዳለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን እየደከመች ትሄዳለች። ከርሷ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው በአምስቱ ቀን ውስጥ በባለሙያ እጅ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ነው፤ እሱ በእርስዎ ጣቢያ አይሰጥም። እንግዲህ ሐሙስን የሚጠብቅ ኮሚቴ ለዚህች መድኃኒት ምን ያህል እንደሚስማማት እርስዎው ይፍረዱ።

አራተኛ፣ ስለ ቡርቱካን። ይህኛው ረዘም ይላልና ወንበርዎን አመቻችተው ይቀመጡ።

ቡርቱካን አብዱልጀሊል የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት ናት። እሷንም እንደ እርስዎ አስተምሬያታለሁ፤ ማካፈል አላስቸገራትም። ስሟን በአደባባይ ለመጻፍ ፈቃዷን ስጠይቃት «ይጻፉት እትዬ፤ በማጉያው ከተጠራሁ ወዲያ ያልሰማ ማን ቀርቶ ነው?» አለችኝ። አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ በአምቡላንስ ወልድያ ተወስዳ፣ የአምስት ሰው ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። ሐኪሞቹም ሌላ እርግዝና ሕይወቷን ሊያሳጣት እንደሚችል ለእሷም ለባሏም በግልጽ ነግረዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወሩን መርፌ እሷ አሳልፋው አታውቅም። ያሳለፈው የእርስዎ ጣቢያ ነው፤ ባለፈው ዓረፋ ሰሞን መርፌው ለስድስት ሳምንት ጠፍቶ ነበር። ነርስ ቤተልሔም መርፌው እስኪመጣ ብላ ኮንዶም ሰጠቻት።

ባሏ ዓሪፍ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለበዓሉ ቤቱ መጣ። ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ገደማ ኮንዶሙ ተቀደደ። የባልና ሚስት ገመና በአጥር ላይ መለጠፌ ያሳፍረኛል፤ ይሁን እንጂ ሂሳቡ የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ስለሆነ መተው አልቻልሁም። ዓሪፍ እሁድ ጎህ ሲቀድ በጭፍራ በኩል ወደ ሥራው ተመለሰ። ቡርቱካን ፀሐይ ሳይሞቅ የእርስዎ በር ላይ ነበረች።

እሁድ ተረኛዋ ነርስ ቤተልሔም ነበረች። ዘበኛው አያ ዘውዱ ቡርቱካንን አዝነውላት በጓሮ በር አስገቧት። ስድስት ፍሬ እንክብል በመስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ ቁልፉ ግን ከእርስዎ ጋር ሰርግ ሄዷል። ነርሷ ስትደውልልዎ በሥራ ሰዓት እንድትመጣ እንድትነግራት አዘዙ። የወልድያው መንገድ በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ ተዘጋ። በየጊዜው ለምን እንደሚዘጋ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ሰኞ ጧት ግቢው ጢም ብሎ ሳለ ማጉያው «ቡርቱካን አብዱልጀሊል፣ ለድንገተኛ እርግዝና መከላከያ» ብሎ ተጣራ። ያን ቀን ለልጁ ክትባት የመጣ፣ ጥርሱን የታመመ፣ ለመንጃ ፈቃድ ዓይኑን ሊያስመረምር የመጣ ሁሉ ዘወር ብሎ አያት። እሷ ግን ነጠላዋን ሳትከናነብ ቀጥ ብላ ገባች። እርስዎ ባሏን ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። እዚያው ፊትዎ ደውላ ስልኩን ብትዘረጋልዎ፣ በስልክ የሚያወራ ወንድ ሁሉ ባል ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም ብለው መለሱላት። የሞት ማስጠንቀቂያ የሰጧትን ሐኪሞች ወረቀት ብታሳይዎም ለሐሙሱ ኮሚቴ እንዲቀርብ ከፋይሏ ጋር አያያዙት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ከዘራዬን ይዤ እኔም ቢሮዎ ገባሁ። እንዲህ ባለ ጉዳይ መጠበቅ እንደማይቻል፣ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሰባ ሁለት ሰዓት ብቻ እንዳላት፣ ማክሰኞ ማታ እንደሚያልቅ አስረዳሁዎ። እርስዎ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከመሳቢያዎ የሂሳብ ማሽን አወጡና በአንድ ጣትዎ ነካ ነካ አደረጉት።

«እትዬ፣ አይቸኩሉ» አሉኝ። «ሰባ ሁለት ሰዓት ለስምንት የሥራ ሰዓት ሲካፈል ዘጠኝ የሥራ ቀን ይመጣል። ሴትዮዋ ገና አንድ ቀኗን አልጨረሰችም።»

ክቡር ሆይ፣ ማካፈሉ ትክክል ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ስጠብቀው የኖርሁት ትክክለኛ ማካፈል በዚያች ሰዓት መጣልኝ። በመጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ፊትዎን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። የወንድ ዘር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ፈርሞ የሚወጣ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ፣ የዓመት ፈቃድም ያለው የመንግሥት ሠራተኛ እንደሆነ ከልብዎ አምነዋል። ወደ ውስጥ ገብታ የነበረችው ነርስ ቤተልሔም ሌሊቱም እንደሚቆጠር በዝግታ ስትነግርዎ፣ በማን ፈቃድ ቢሮዎ እንደገባች ጠየቋት። እኔም ቁልፉን በእናትነት ለመንሁዎ። እጅዎን ወገብዎ ላይ ጫን አድርገው መመሪያ መመሪያ ነው አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ ያን እጅዎን ያህል የቀፈፈኝ የለም።

ማክሰኞ ሁለቱን መድኃኒት ቤቶች ዞርን። አንደኛው ከበዓሉ በፊት አልቆበታል፤ መንገዱ ስለተዘጋም አላመጣም። ሁለተኛው ነበረው፤ ነገር ግን የእርስዎን ደብዳቤ ከመስታወቱ ስር አውጥቶ አሳየንና ፈቃዱን እንዳይነጥቁት እንደሚፈራ ነገረን። ፈሪን መውቀስ አልችልበትም፤ ያስፈሩትን ግን አመሰግናለሁ። አመሻሽ ላይ ቡርቱካን ቤቴ ተቀምጣ ሰዓቱን እያየች ነበር። «እትዬ፣ ወላሂ ሞቱን ፈርቼ አይደለም» አለችኝ። «አራቱን ልጆች ማን ይሰበስብልኛል?» አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኋት፤ ሌላ ምን ይባላል። ሰባ ሁለቱ ሰዓት በዚያው ማታ አለቀ።

ረቡዕ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሐሙስ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። የጽዳት አስተባባሪው ለቅሶ፣ የልማት ቡድን መሪው ሐራ ገበያ ሄደዋልና ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተባልን። ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ እሷና እኔ ተሳፈርን፤ ሲሪንቃ ላይ ለፍተሻ ወርደን ለሰዓታት ተሰልፈን እንደገና ተሳፈርን፤ ወልድያ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። በመጀመሪያ ያገኘነው መድኃኒት ቤት ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። ቡርቱካንን ወደ ጥግ ወስዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ አነጋገረቻት። ባልሽ የት አለ አላለቻትም። መቶ አሥራ አምስት ሰዓት እንዳለፋት ስትሰማ ብቻ ፊቷ ተለወጠ። እንክብሏን እዚያው ከውሃ ጋር አስዋጠቻትና፣ በዚህ ሰዓት ተስፋዋ ጠባብ እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ሉፕ የሚያስገባ ባለሙያ እንድንፈልግም መከረችን። ፈለግን። ደርሰን ስንጠይቅ ባለሙያዋ ከሥራ ወጥታለች ተባልን፤ እስኪነጋ ደግሞ አምስቱ ቀን ያልፋል። አልወቅሳቸውም፤ አምስት ቀን አርፍደን የሄድነው እኛ ነን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ምርመራው እርግዝና መኖሩን አሳየ። ወልድያ ያሉት ሐኪሞች እንዲህ ላለ አደጋ ሕጉ የሚፈቅድላትን አንድ በአንድ አስረዷት። እሷ ሦስት ቀን ሙሉ አልቅሳ፣ ከባሏና ከአላህ ጋር መክራ፣ እወልዳለሁ ብላ ወሰነች። ውሳኔው የእርሷ ነው፤ የእኔም አይደለም፣ የኮሚቴዎም አይደለም። ማስወረድን ለመከላከል ቆሜአለሁ ያሉት እርስዎ ግን ይችን ሴት በአንዲት እንክብል ልታመልጠው ትችል ከነበረው ጥያቄ ፊት አቁመው ሦስት ቀን እንዳስለቀሷት እንዲያውቁት እወዳለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ውሳኔው ፍጥነት አመሰግናለሁ። በአርባ አንደኛው ቀን፣ ቡርቱካን ጧት ጧት እያስመለሳት ሳለ፣ ጥያቄዋ በኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ተቀባይነት ማግኘቱንና በሥራ ሰዓት ቀርባ እንክብሏን መውሰድ እንደምትችል የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። መድኃኒቷ መፈቀዷም በማጉያው ተነገረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በአብላጫ ድምፅ መባሉ አንድ የተቃወመ አባል እንደነበር ያሳያል፤ ጊዜው ማለፉን የቆጠረ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርምና፣ ማን እንደሆነ ባውቅ በግል አመሰግነው ነበር።

ስድስተኛ፣ ሌሊትም እንደሚቆጠር የነገረችዎትን ነርስ ቤተልሔምን መኪና ወደማይገባበት ጤና ኬላ ስላዛወሩልን አመሰግናለሁ። እዚያ ያሉት ሴቶች በእርግጥ እድለኞች ናቸው።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ካርድ አውጪው ስም ጠርቶ ጉዳይ መናገሩን ይተው። ቁልፉ ሌሊትም በዓልም ተረኛ በሆነችው ነርስ እጅ ይሁን። ለመድኃኒት ቤቶቹ የጻፉትን ይሻሩት። ኮሚቴው ከፈለገ ይቀጥል፤ ሐሙስ ሐሙስ ስለ መጋረጃው ይወያይ። እስከዚያው ሴቶቹ ወደ እኔ መምጣታቸውን አልተዉም፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አብሬያቸው ወልድያ እሄዳለሁ፤ በተዘጋ ቀን ደግሞ እንደ እርስዎ ሰዓት አካፍዬ ማጽናናት አልችልበትም።

ማካፈል አስተምሬዎ ምን እንደሚካፈልና ምን እንደማይካፈል ሳልነግርዎ ከአራተኛ ክፍል ወደ አምስተኛ ስላሳለፍሁዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሹመትዎ፣ ለማኅተምዎና ለቁልፍዎ ያለኝን ተገቢውን ያህል አክብሮት በድጋሚ አረጋግጣለሁ።

የቀድሞ መምህርትዎ
ዓቢዳ አቡበከር
በመዝገብዎ አሥራ አንድ ጊዜ የተመዘገበችው ባልቴት

ግልባጭ፦
— መርሳ ለሚገኙ ሴቶች በሙሉ
— ለኮሚቴው አባላት፣ ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ
— ለካርድ ክፍሉ ድምፅ ማጉያ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቡርቱካን የምትወልደው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ሐኪሞቹ እንደ ባለፈው እንዳይሆን አምስት ደም የሚለግሱ ሰዎችን ከወዲሁ እንድናዘጋጅ ነግረውናል። ዓሪፍ አንድ ነው፤ ወንድሟ ሁለት፤ ነርስ ቤተልሔም ከጤና ኬላው በእግሯም ቢሆን እመጣለሁ ብላ ሦስት፤ ያ የፈራው ባለ መድኃኒት ቤት ራሱ መጥቶ አራት ሆነልን። አምስተኛዋ እኔ ልሆን ነበር፤ በዕድሜዬና በግፊቴ አልቀበል ብለውኛል። ስለሌላ ሰው ሲባል ስምን ማስመዝገብ የለመድሁት ነውና በእኔ ቦታ የእርስዎን ስም ከነስልክዎ አስመዝግቤያለሁ። ሐኪሞቹ ባል ይዘው ይምጡ አይሉዎትም፤ የቀበሌ ወረቀትም አይፈልጉም። ሲደውሉልዎ ሐሙስን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ደም በሥራ ሰዓት ብቻ አይፈስም።